ቁጭ ማለት የማያውቀው ጋዲሳ

ጋዲሳን ቁጭ ብሎ ያየሁት አንድ ቀን ብቻ ነው። ስለዚያ ቀን ለማውራት ግን መጀመሪያ ስለሌሎቹ ቀኖች ማውራት አለብኝ። አለዚያ አንድ ሰው ወንበር ላይ መቀመጡ ምን ያስደንቃል ትሉኛላችሁ።

ሃያ ሁለት ማዞሪያ አካባቢ፣ አንድ ሕንፃ ምድር ቤት ውስጥ፣ አንዲት ጠባብ ሱቅ ለሁለት ተካፍለን እንሠራለን። ከበሩ በስተቀኝ ያለው የኔ ነው፤ ፎቶ ኮፒ አደርጋለሁ፣ መታወቂያ ላሚኔት አደርጋለሁ፣ ማመልከቻ እጽፋለሁ። በስተግራ ያለው የጋዲሳ ነው፤ ላፕቶፕ ይጠግናል፣ በተለይ ሃርድ ዲስክ ይቀይራል። በመካከላችን መጋረጃ እንኳ የለም። ስለዚህ የሱን ነገር ሁሉ የማውቀው ወሬ ስለምወድ አይደለም፤ ባልወድም እሰማው ነበር። መውደዴን ግን አልክድም።

ጋዲሳ ሠላሳን ያለፈ፣ ረጅም፣ ከሲታ ልጅ ነው። ምሳውን ቆሞ ይበላል። ስልክ ሲያወራ ሱቋ አትበቃውም፤ ኮሪደሩን ሲመላለስበት ይውላል። ቆሞም እንኳ አንድ እግሩ ሥራ አይፈታም፤ እየተወዛወዘ ጠረጴዛውን ያንቀጠቅጠዋል። የታክሲ ሰልፍ ካየ አይሰለፍም፤ ከሃያ ሁለት እስከ መገናኛ በእግሩ ይነጉዳል። ሰልፉ ላይ ጥሏቸው የሄዳቸውን ሰዎች ቀድመውት ደርሰው ያገኛቸዋል፤ እሱ ግን አልቆመም፣ ያ ይበቃዋል።

"ምነው አንተ ልጅ፣ ጉንዳን የወረረህ መሰልክ" እለዋለሁ።

"ገንዘቤ ሙች፣ ቆሜ ስጠብቅ ነፍሴ የምትወጣ ነው የሚመስለኝ" ይለኛል፣ በስሜ ምሎ።

ተወልዶ ያደገው ጎሮ ነው። ያኔ ጎሮ ጤፍ የሚዘራበት ገጠር ነበር፤ አባቱም ገበሬ ነበሩ። በኋላ ማሳው መንገድና ፎቅ ሆነ፣ በሬዎቹ ተሸጡ። አባቱ የሚያርሱት መሬት ሲያጡ ደጃፋቸው ላይ ወንበር አውጥተው መቀመጥ ጀመሩ፤ ተቀምጠው ተቀምጠው እዚያው አረፉ። ጋዲሳ ይህን የነገረኝ አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ሲነግረኝም ብሎን እየፈታ ነበር። "አባቴን የገደለው መቀመጥ ነው" አለኝ። ከዚያ ወዲህ ጉንዳን ማለቱን ቀነስኩ።

ኮሌጅ ገብቶ ኮምፒውተር ተምሯል። ከዚያ ሆቴል ውስጥ እንግዳ ተቀብሏል፣ የጥበቃ ካሜራ ሲገጥም ከርሟል፣ የሰው መኪና ይዞ ቦሌን ዞሯል። ከሁሉም ወጥቷል። ያባረረው የለም፤ አንድ ቀን ጠዋት ይሰለቸውና ቁልፉን አስረክቦ ውልቅ ይላል። ከኔ ጋር ደህና የቆየው ሥራው ፍጥነት ስለሆነ ይመስለኛል።

ደንበኛ ሲመጣ ወሬ አያበዛም፤ እሽቅድምድም ያሳያል። ጠረጴዛው ላይ ሁለት አንድ ዓይነት ላፕቶፖች አሉ። በአንዱ ውስጥ የድሮው ዓይነት ሃርድ ዲስክ አለ፤ ሆዱ ውስጥ ሳህን የሚሽከረከር፣ ጆሮ ከሰጡት የሚያጉረመርም። በሌላው ውስጥ ኤስኤስዲ የሚሉት አለ፤ የሚሽከረከርም የሚያጉረመርምም ነገር የለውም። ጋዲሳ የሁለቱንም ማብሪያ እኩል ይጫናል። ባለ ኤስኤስዲው ወዲያው ቦግ ይላል፤ የድሮው ገና ሲያስብ ነው። ደንበኛው ይስቃል፣ ጋዲሳም የድሮውን ሳይጨርስ ያጠፋዋል። ያ ምስኪን ዲስክ ሥራውን ሲጨርስ እኔ እንኳ አይቼ አላውቅም ነበር።

ፀደንያም የመጣችው በዲስክ ሰበብ ነው። ቦሌ አንድ ድርጅት ውስጥ ሒሳብ ሠራተኛ ነች። እሽቅድምድሙን አይታ ሳቀችና፣ "አንተ ግን ቁጭ በል እንጂ፤ አንተን ሳይ እኔ ደከመኝ" አለችው። ወንበር ሳበ፤ ወንበሩን ለሷ ሰጥቶ ቆመ። ዲስኳ ከተቀየረ በኋላም ላፕቶፗ ይታመም ጀመር። አንዳንድ ቀን ላፕቶፑን ረስታው ትመጣለች። እኔ ምን ቸገረኝ፣ ኮፒዬን አደርጋለሁ።

ጥር ሲገባደድ ሽማግሌ ላከ። አጎቱ አቶ ወዳጆና ሁለት የጎሮ ትልልቅ ሰዎች ሰሚት ወደሚገኘው የፀደንያ ቤተሰቦች ቤት ሄዱ። አባትየው በክብር ተቀበሏቸው፣ ጉዳያቸውን ሰሙ፣ ከዚያም፣ "ከቤተሰብ ጋር እንመካከርና የዛሬ አሥራ አምስት ቀን እሑድ ተመለሱ" አሏቸው። ደንቡ ነው። ወዲያው እሺ የሚል አባት ልጁን ያቀለለ ይመስላል፤ በመሃሉም ስለ ወንዱ ልጅ ይጠየቃል፣ ይጣራል።

ለጋዲሳ ግን ይህን ማን ያስረዳው።

"አሥራ አምስት ቀን ምን ያደርጉበታል?" አለኝ፣ ኮሪደሩን እየተመላለሰ። "ወይ አዎ ነው፣ ወይ አይ ነው።"

"አንተን ያጣሩበታላ።"

"ምኔን ነው የሚያጣሩት?"

"ቁጭ ብለህ ብትጠብቅ ታውቀው ነበር" አልኩት።

ሁለተኛው ሳምንት ላይ፣ ማክሰኞ ዕለት፣ አንድ ሽማግሌ መጡ። ግራጫ ካፖርት ለብሰዋል፣ ባርኔጣ አድርገዋል፣ ብብታቸው ስር በፎጣ የተጠቀለለ ላፕቶፕ ይዘዋል። አካሄዳቸው ጡረታ የወጣ የመንግሥት ሠራተኛ አካሄድ ነው፤ የሚያስቸኩላቸው ነገር የለም። ጤና ይስጥልኝ ብለው ፎጣውን ፈቱ፣ አጣጠፉ፣ ኪሳቸው ከተቱ። ጋዲሳ ይህን ሁሉ ቆሞ ሲጠብቅ ግንባሩ ላይ ላብ ወጣ።

"ልጄ፣ ይሄ ነገር ቀርፋፋ ሆኖብኛል" አሉት። "ዲስኩ ይቀየር ይሉኛል። እኔ ደግሞ የማላውቀውን አልገዛም። ልዩነቱን አሳየኝ።"

ጋዲሳ ሁለቱን ማብሪያዎች ተጫነ። አንዱ ቦግ አለ። እንደ ልማዱ ሌላውን ሊያጠፋ እጁን ሲዘረጋ፣ "ተወው" አሉት። "አልጨረሰም እኮ።"

ጠበቁ። እኔም ከኮፒ ማሽኔ ቀና ብዬ ጠበቅኩ። የድሮው ዲስክ እያጉረመረመ፣ እያረፈ፣ እንደገና እየጀመረ፣ በመጨረሻ ተከፈተ። "ይሄም ደረሰ" አሉ ሽማግሌው ፈገግ ብለው። ጋዲሳ በዚህ መሃል ሱቋን ስንቴ እንደዞራት አልነግራችሁም።

"ከሁሉም የሚፈጥነውስ የቱ ነው?" አሉት።

ከመሳቢያው አንድ ማስቲካ የምታክል ስስ ነገር አወጣ። "ይቺ ናት። እነዚህን ሁሉ ታስንቃለች።"

"እሷን አድርግልኛ።"

ጋዲሳ መልስ ከመስጠቱ በፊት የላፕቶፑን ጀርባ ፈታ። ገልብጦ አየና ራሱን ነቀነቀ። "አትሆንም፣ ጋሼ። የርስዎ ላፕቶፕ የሷ መሰኪያ የለውም። ብትገባም ብዙ ላፕቶፕ አያነባትም፤ ከማሽኑ ጋር ካልተግባባች ፍጥነቷ ምን ያደርግልዎታል? ይቺ መካከለኛዋ ኤስኤስዲ ልክክ ትላለች፤ ቅርጿም መሰኪያዋም እንደ ድሮው ነው።" ሽማግሌው ጥሩ አሉ። መልሱ ደስ እንዳላቸው አየሁ።

ጋዲሳ የምታስፈልገውን ኤስኤስዲ ከላይኛው ፎቅ ካለ ሱቅ ሊያመጣ ሲሮጥ፣ ሽማግሌው ወደኔ ዞሩ። "እዚህ ከመጣ ቆይቷል?" አሉኝ። አጠያየቃቸውን ወዲያው አወቅኩት። የዕቃ ጥያቄ አይደለም፤ ልጅ ሊድር ያለ አባት ጥያቄ ነው።

"እርስዎ የፀደንያ አባት ነዎት" አልኳቸው።

አልካዱም። ብርሃኑ እባላለሁ አሉኝ፤ ቀጥለውም ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "የሠራበት ቦታ ሁሉ ሄጃለሁ። ሁሉም ደግ ልጅ ነው ይሉኛል። ሁሉም ደግሞ ትቶን ሄደ ይሉኛል። እኔ ሌላ ነገር አልፈራሁም፣ ልጄ። ዘሩ ከኛ አይደለም፣ ሀብት የለው፣ ይህን አላልኩም። የምፈራው አንድ ቀን ጠዋት እሷም እንዳትሰለቸው ነው። እስቲ አንቺ ንገሪኝ፣ ይህ ልጅ ይቆያል?"

ውሸት አልሆነልኝም። "ሥራ ያውቃል፣ እጁ ንጹሕ ነው፣ ሰው አያታልልም" አልኳቸው። "ቁጭ ማለት ግን አያውቅም።"

አቶ ብርሃኑ ራሳቸውን ነቀነቁ። ማንነቴን እንዳትነግሪው አሉኝ፣ እኔም አልነገርኩትም። ብነግረው ኖሮ ላፕቶፑን ከእጁ ይጥለው ነበር።

ጋዲሳ ተመልሶ ሥራ ጀመረ። አቶ ብርሃኑ አንዲት ፍላሽም ሰጡት። "የምጽፈው ጽሑፍ አለ" አሉት። "ልጄ ቢሮዋ ውስጥ ፊደሉን ያረመችልኝ እዚህ ላይ ነው፤ ከዚያ በኋላ የጨመርኩት ደግሞ ላፕቶፑ ላይ ነው። ሁለቱን አንድ ላይ አድርግልኝ፤ አዲስ አዲሱ ይቅርልኝ።"

ይህንን የሚሠራ ፕሮግራም አለው። ሁለት አንድ ስም ያላቸው ጽሑፎች ሲያገኝ ቀናቸውን አነጻጽሮ አዲሱን ያስቀራል፣ አሮጌውን ይጥላል። ጋዲሳ በመሃሉ የላፕቶፑ ቀንና ሰዓት የተሳሳተ መሆኑን አየ። የውስጥ ባትሪው የሞተ አሮጌ ላፕቶፕ ቀኑን ይረሳል፤ በየቀኑ የሚያየው ነገር ነው። ባትሪውን ቀየረ፣ ቀኑን አስተካከለ። አቶ ብርሃኑን አልጠየቃቸውም። የሚጠይቅ ሰው መልስ መጠበቅ አለበት፣ እሱ ደግሞ መጠበቅ አይሆንለትም።

የድሮውን ዲስክ ለሚያስፈልገው ስጠው አሉት አቶ ብርሃኑ ሲወጡ። ገና ኮሪደሩን ሳይጨርሱ ጋዲሳ ፎርማት አድርጎ ባዶ አደረገው። በማግስቱ ኣፅብሃ የሚባል፣ ቦሌ ሚካኤል የብረት በርና መስኮት የሚሠራ ደንበኛችን ዲስክ ተበላሸብኝ ብሎ ሲመጣ ያንኑ ሰጠው። ጋዲሳ ዘንድ ዕቃ አያድርም።

ዓርብ ዕለት አቶ ብርሃኑ ተመልሰው መጡ። ላፕቶፑን ከፎጣው አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። ፊታቸው ገርጥቷል።

"ፈጣን ሆኗል፣ ልጄ" አሉ። "ግን ጽሑፌ ወደ ኋላ ሄዶብኛል። ከመስከረም ወዲህ የጻፍኩት አንድም የለም።"

ጽሑፉ የትውልድ ቆጠራ ነው። አቶ ብርሃኑ የመንዝ ሰው ናቸው፤ የዘመዶቻቸውን ሐረግ ከሰባት ቤት በላይ እየቆጠሩ፣ ማን ከማን እንደተወለደ፣ ማን የት ሄዶ እንደቀረ፣ አገር ቤት ላሉ አዛውንቶች እየደወሉ ጠዋት ጠዋት የሚጽፉት ነው። ልጃቸው ስታገባ አስጠርዘው ሊሰጧት ነበር ሐሳባቸው።

"ደግመው ቢጠይቋቸውስ?" አልኩ እኔ፣ ከዳር ሆኜ።

"አጎቴ ታኅሣሥ ላይ አረፉ" አሉኝ። "የአክስቴም ልጅ ጥምቀት ሰሞን። ማንን ልጠይቅ?"

ጋዲሳ ይህን ሲሰማ ጽሑፉን ከፍቶ እየወረደ ነበር። እስከ መጨረሻው ወረደ። የመጨረሻው መስመር ላይ "ብርሃኑ ፀደንያን ወለደ" ይላል። እጁ ቆመ።

"ፀደንያ..." አለ።

"አዎ፣ የምታውቃት" አሉት አቶ ብርሃኑ።

አልተቆጡም። ቢቆጡት ይሻለው ነበር። ጋዲሳ የጽሑፎቹን ቀን ሲመረምር ቆየና ቀና አለ። "ጋሼ፣ ላፕቶፑ መጀመሪያ ሲመጣ ቀኑ ሁለት ሺህ አሥራ ሰባት ይል ነበር።"

"ታዲያ ስንት ዓመተ ምሕረት ነው?"

የካቲት ሁለት ሺህ አሥራ ሰባት ነዋ። አቶ ብርሃኑ ኮምፒውተር ከገዙ ጀምሮ ቀኑንም ሰዓቱንም በኛ አቆጣጠር ሞልተውት ኖረዋል፤ ኢንተርኔት ስለማያገናኙት ያረመው የለም። ማሽኑ አሥራ ሦስተኛ ወር ስለማያውቅ ጳጉሜ ሲገባ ጨርሶ አይከፍቱትም፤ መስከረም አንድ ቀን ራሳቸው ሞልተው ይጀምራሉ። ባትሪው ሞቶ አያውቅም። ጋዲሳ እንደ ብልሽት ቆጥሮ የነቀለው የአገሩን ዘመን ነው። ፀደንያ ነሐሴ ላይ ቢሮዋ ያረመችው ደግሞ በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ ሃያ አራት ተጽፎበታል። ፕሮግራሙ አሥራ ሰባትን ከሃያ አራት አነጻጽሮ፣ የአባትን የስድስት ወር ልፋት አሮጌ ነው ብሎ ጣለው።

"የድሮው ዲስክ ላይ ይኖራል" አሉ አቶ ብርሃኑ በተስፋ።

ጋዲሳ ዓይናቸውን ማየት አቃተው። "አጥፍቼ ለሰው ሰጥቼዋለሁ፣ ጋሼ።"

አቶ ብርሃኑ ፎጣቸውን አጣጠፉ። "እሑድ መልስ ይጠብቁኛል" አሉ። "ምን ብዬ እንደምመልስ እንጃ።" ይህን ብለው ቀስ እያሉ ወጡ።

ጋዲሳ ዱካቸው ሳይርቅ በሕንፃው ሌላ በር ሮጠ። የጠፋ ጽሑፍ ሌላ ነገር እላዩ ላይ ካልተጻፈበት ተፈልጎ ይገኛል፤ ኣፅብሃ ዲስኩን በፊልምና በዘፈን ሞልቶት ከሆነ ግን አለቀ። የኣፅብሃ ስልክ ዝግ ነው። ቦሌ ሚካኤል ሲደርስ ሱቁም ዝግ ነው። ጋዲሳ የሰፈሩን ሰው ሁሉ ጠየቀ፤ ከቤተ ክርስቲያኑ እስከ ቀለበት መንገዱ፣ ከቀለበት መንገዱ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ሲመላለስ አመሸ። ቅዳሜም ሄደ። በየመሃሉ ለኔ ይደውላል፤ የሚነግረኝ ነገር የለውም፣ ብቻ ይደውላል። ያኔ አዘንኩለት። ከዚያ በፊት አንጀቴን የሚያቆስለኝ ልጅ፣ ያን ቀን አንጀቴን በላኝ።

ቅዳሜ ወደ ማታ ኣፅብሃ ተገኘ። ለካስ ሰፈሩ ከረቡዕ ጀምሮ መብራት ጠፍቶበት፣ ሥራ የለም ብሎ ሱቁን ዘግቶ ዘመድ ጥየቃ ሄዶ ኖሯል። ዲስኩ ኮምፒውተሩ ውስጥ ገብቷል፤ ኮምፒውተሩ ግን አንዴም አልተከፈተም።

"እኔ እኮ መብራቱን ስረግም ነው የከረምኩት" አለው ኣፅብሃ።

ጋዲሳ ዲስኩን ወሰደ፤ በምትኩ ከእሽቅድምድሙ ላፕቶፕ ውስጥ የራሱን ኤስኤስዲ ነቅሎ ሰጠው።

እሑድ ጠዋት ከቅዳሴ መልስ ወደ ሱቅ መጣሁ። እሑድ አልሠራም፤ ግን ቤቴ ብቀመጥ ምን ሊያስችለኝ። ጋዲሳ ዘበኛውን ለምኖ ገብቷል። ብዙ ሳይቆይ አቶ ብርሃኑም መጡ፤ ዲስኩ መገኘቱን እኔ ደውዬ ነግሬያቸው ነበር። ሽማግሌዎቹ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ ቤታቸው ይደርሳሉ። "እስከዚያ እመለሳለሁ" አሉ።

ጋዲሳ የድሮውን ዲስክ በኬብል ከሌላ ላፕቶፕ ጋር አገናኝቶ ፍለጋውን አስጀመረ። ፕሮግራሙ የዲስኩን ሆድ ከዳር እስከ ዳር ያነባል። የሚያነበው ደግሞ ያው የሚሽከረከረው፣ የሚያጉረመርመው፣ ጋዲሳ ሳይጨርስ የሚያጠፋው ዓይነት ነው። ማፍጠኛ የለውም።

ትንሽ እንደሄደ ጋዲሳ ለመንጎራደድ ተነሣ። ጠረጴዛው ተነቃነቀ፣ ኬብሉ ላላ አለ፣ ፍለጋው ተቋረጠ። ከዜሮ። ያን ኬብል ዓመት ሙሉ ሲመነጭቀው ጫፉን አላልቶታል፤ እሑድ ስለሆነ ደግሞ ሌላ የሚሸጥ ሱቅ አልተከፈተም። በላስቲክ አሰርነው፣ ተንሸራተተ። በፕላስተር አጣበቅነው፣ ጭራሽ አልያዘም። የሚይዘው አንድ ነገር ብቻ ሆነ፤ በአንድ እጅ ዲስኩን፣ በሌላው የኬብሉን ጫፍ ጫን አድርጎ፣ ሳይነቃነቁ መያዝ።

ጋዲሳ ወንበር ስቦ ቁጭ አለ። ያዘው።

እግሩ መወዛወዝ ሲጀምር ጠረጴዛው መንቀጥቀጥ ጀመረ። እግሩን አየው፤ አቆመው። እኔ ይህን ሳይ አፌን ይዤ ቀረሁ። አንድ ሰዓት አለፈ፣ ሌላም ተከተለ። ላቡ ወርዶ ዓይኑ ውስጥ ገባ፤ እኔ በሶፍት ጠረግኩለት።

"እስቲ እኔ ልያዝልህ" አሉት አቶ ብርሃኑ።

"ስንቀባበል ይቋረጣል፣ ጋሼ" አለ። ድምፁ አንሶ ነበር። "ግድ የለም። እይዘዋለሁ።"

ስድስት ሰዓት ሆነ። ፍለጋው ገና ግማሹን አልፎ ነው። "ይሂዱ፣ ጋሼ፣ እንግዶች አሉብዎት" አላቸው። እነዚያ እንግዶች ለሱ ጉዳይ የሚመጡ መሆናቸውን ሁላችንም እናውቃለን። አቶ ብርሃኑ አልሄዱም። ባርኔጣቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ።

ከጎን ካለው ምግብ ቤት ጥብስ አስመጣሁ። ጋዲሳ አልራበኝም አለ፤ ከጠዋት ጀምሮ ውኃ እንኳ አልቀመሰም። አቶ ብርሃኑ ተነሡ፣ ሄደው እጃቸውን ታጠቡ፣ እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። ከሥጋው መርጠው በእንጀራ ጠቀለሉና ወደ አፉ አስጠጉለት።

ጋዲሳ ቀና ብሎ አያቸው። ሁለቱም እጆቹ ተይዘዋል፤ በእጁ ሊቀበል አይችልም፣ ደግሞም ትልቅ ሰው ያጎረሰውን እንቢ አይባልም። ጎረሰ። ደገሙለት፤ ጉርሻ አንድ አይሆንማ።

ሦስተኛውን ሲጠቀልሉ ስልካቸው ጮኸ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ተናኜ ናቸው። ድምፃቸው እኔ ድረስ ይሰማል።

"ሰውዬ፣ የት ነህ? ሽማግሌዎቹ መጥተው ተቀምጠዋል እኮ።"

"ምሳ አቅርቢላቸዋ" አሉ አቶ ብርሃኑ፣ ስልኩን በግራ እጃቸው ይዘው። "እኔም ምሳ ላይ ነኝ።"

"ምሳ? ከማን ጋር?"

"ከልጁ ጋር። እጁ ሥራ ስለያዘ እያጎረስኩት ነው።"

ወይዘሮ ተናኜ የገባቸው ይመስለኛል፤ አባት አጉርሶ ሲያበቃ የሚከለክለው ምን አለ።

"እና፣ እሺ ብለናል ልበላቸው?" አሉ።

"በያቸው። ደግሞ ገና እንቆያለን፣ እንዳይቸኩሉ" አሉና ስልኩን ኪሳቸው ከተቱ። ከዚያ ሦስተኛዋን አጎረሱት።

ጋዲሳ ሰምቷል። ዓይኑን እንባ ሞላው፤ ሊጠርገው ግን አልቻለም፣ አፉም ምግብ ይዟል። እኔ ዘልሎ ይነሣል ብዬ ስጠብቅ ነበር። ኬብሉ ንቅንቅ አላለም።

ፍለጋው ያለቀው ዘጠኝ ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው። የተገኙት ጽሑፎች ስማቸው ጠፍቶ ቁጥር ብቻ ቀርቷቸዋል። አቶ ብርሃኑ መነጽራቸውን አድርገው አንድ በአንድ ከፈቱ። አንዱ ላይ ሲደርሱ ቆሙና ጮክ ብለው ማንበብ ጀመሩ፤ ያረፉት አጎታቸው የቆጠሩላቸው ሐረግ ነው። ሁሉም አለ፣ እስከ ጥር ድረስ። ጋዲሳ ኬብሉን ሲለቅ ጣቶቹ ደርቀው አልዘረጋ አሉት። አቶ ብርሃኑ እጁን ተቀብለው ጣቶቹን አንድ በአንድ እያሹ ዘረጉለት።

"በል ተነሣ እንግዲህ" አሉት። "እነ አቶ ወዳጆ እየጠበቁን ነው፤ ታክሲም እንይዛለን።"

"ጋሼ" አለ ጋዲሳ፣ "ትንሽ ልቀመጥ።"

አቶ ብርሃኑ ከኔ በኩል ያለውን ወንበር ሳቡና አጠገቡ ተቀመጡ።